«ማን አየ?» ያለኝ ተማሪ

ለማስተማር ልምምድ ወጥቼ ስለ ከዋክብት ሳስረዳ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ የመጀመሪያው ኮከብ ሲበራ ማን አየ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። መልሱን ስለማላውቅ «ዝም ብለህ ተቀመጥ!» አልኩት። አንገቱን ደፋ።

ያ ነገር እንቅልፍ ነሳኝና ማንበብ ጀመርኩ። ከ13 ቢሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ጽንፈ ዓለሙ ጨለማ ነበር፤ የሞላውም በአብዛኛው የሃይድሮጅን ጋዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ከዋክብትና ጋላክሲዎች ሲበሩ ብርቱ ብርሃናቸው ከሃይድሮጅን አተሞች ኤሌክትሮኖችን ነቀለ። በጋዙ ውስጥ እንደ እንጀራ ዓይን የጠሩ ቦታዎች ተከፈቱ፤ እየሰፉም ሄደው ተገናኙ።

ይህን ማንም አላየም። ሳይንቲስቶች ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት «ቴሳን» በተባለው ሥራ ሂደቱን በኮምፒዩተር አስልተውታል። ስሌቱ 30 ሚሊዮን ሰዓት የሚፈጅ ስለነበረ ወደ 60,000 ለሚጠጉ የኮምፒዩተር ማስሊያ ክፍሎች ተከፋፈለ። ለአንዱ ብቻ ቢሰጥ ከ3,400 ዓመት በላይ በወሰደበት ነበር!

ሰኞ ልጁን በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁትና ይህንኑ ነገርኩት። ቀና ብሎ «ታዲያ ልክ መሆኑን በምን አወቁ?» አለኝ። «በቴሌስኮፕ ከሚታየው ጋር እያመሳከሩ» አልኩት። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም።

እጩ መምህራን ጓደኞቼ፣ «አላውቅም፣ አንብቤ እነግርሃለሁ» ማለት ነውር የለበትም። ነውሩ ጠያቂን አንገት ማስደፋት ነው።