ልጆችን ይዞ ወደ መቃብር መሄድ

እኛ ምዕራብ ሸዋ፣ እጃጂ፣ ልጅ ቀብር አይወሰድም። አስከሬን ሲወጣ ልጆች ጎረቤት ቤት ይቆያሉ። ሲጠይቁ «ሩቅ አገር ሄደዋል» ይባላሉ። አካኮ የሚሏቸው አያታቸው ያረፉ ጊዜም የኔ ልጆች የሰሙት ይህንኑ ነው። ልጅ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለልም። ትንሿ ልጄ «መቼ ይመለሳሉ?» ብላ አልጠየቀችኝም። አንድ ማታ ልብሷን እያለበስኳት «አፈሩ አይከብዳቸውም?» አለችኝ።

ትክል ድንጋይ የቆመበት ጥንታዊ መቃብር ወዳለበት ጢያ የወሰድኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ሞት ከልጅ ጋር ለማውራት የትኩስ ሐዘን ቦታ ይከብዳል። እናት እየጮኸች፣ ሰው ደረት እየመታ ለልጅ ምን ማስረዳት ይቻላል? ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የሆነው መቃብር ላይ ግን የሚያለቅስ የለም። ልጅ እንደልቡ ይጠይቃል፣ ወላጅም ሳይደናገጥ ይመልሳል።

ከእጃጂ ተነስተን በጌዶ፣ በጉደርና በአምቦ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ጊንጪ ላይ አንድ ነገር ነገርኳቸው። አዋሽ የሚነሳው እዚሁ፣ ጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ነው። አፋር ደርሶ አቤ ሐይቅ ገብቶ የሚቀረው፣ ድንቅነሽ በ1974 እ.ኤ.አ. የተገኘችበትን ሐዳርን የሚያቋርጠው ወንዝ የኛው ዞን ልጅ ነው። በማግስቱ በአለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ይዘን መልካ ቁንጥሬ ስንደርስ ያው ወንዝ ጠበቀን። ትልቁ ልጄ ድልድዩ ላይ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሲያየው ቆየ።

መልካ ቁንጥሬ መቃብር አይደለም። ከልጆች ጋር የሚሄድ ሰው ግን ሳያየው ባያልፍ እመክራለሁ። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተቆፈረ ያለ ቦታ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከባልጭት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ልጆቼን የያዛቸው ግን ጎምቦሬ በተባለው ስፍራ የተገኘው የእግር አሻራ ታሪክ ነው። የዛሬ 700,000 ዓመት ገደማ፣ የኛ ዓይነት ሰው ገና ሳይመጣ፣ ጭቃ ላይ የረገጡ ልጆች አሻራ ነው። ከመካከላቸው ገና የአንድና የሁለት ዓመት ሕፃናት ይገኙበታል። በአቅራቢያው የጉማሬ ሥጋ የተበለተበት አጥንትና የድንጋይ መሣሪያ ወጥቷል። ትልልቆቹ ሥጋ ሲበልቱ ትንንሾቹ አጠገባቸው ነበሩ ማለት ነው። ማንም ጎረቤት ቤት አላስቀመጣቸውም። ትንሿ ልጄ «እናታቸው ጭቃ አትርገጡ አላለቻቸውም?» ብላ ጠየቀች፤ አስጎብኚው ሳቁ።

ጢያ ሶዶ ጉራጌ ውስጥ ነው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በአካባቢው ከሚታወቁት ወደ 160 የሚጠጉ ጥንታዊ ስፍራዎች አንዱ ነው። 36 ትክል ድንጋዮች አሉበት፤ 32ቱ ላይ ቅርጽ ተቀርጿል። ሰይፍ አለ፣ ክብ አለ፣ አንዳንዶች እንሰት ነው የሚሉት ቅጠል የሚመስል ምልክትም አለ። የአካባቢው ሰው የግራኝ ድንጋይ ይለዋል፤ ድንጋዮቹ ግን ግራኝ የተባሉት ኢማም አሕመድ ከመወለዳቸው በፊት ብዙ ዘመን የኖሩ ናቸው። ከሥራቸው መቃብር መኖሩ በቁፋሮ ተረጋግጧል። ሟቾቹ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ታጥፎ ነው የተቀበሩት።

አስጎብኚው የሰይፎቹ ቁጥር ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ያመለክታል እንደሚባል ነገሩን። ትልቁ ልጄ አሰብ አደረገና «ጋሼ፣ የገደለበት ነው ወይስ የተገደለበት?» አላቸው። ሰውየው ቆም ብለው ድንጋዩን አዩት። «እርግጠኛ ሆኖ የሚነግርህ የለም ልጄ» አሉት። ይህን መልስ ወደድኩት። ለልጅ የሌለ እርግጠኝነት ከመስጠት፣ ትልቅ ሰውም የማያውቀው ነገር እንዳለ ማሳየት ይሻላል።

ቀጥለው ከመቃብሮቹ የወጣው አፅም በአብዛኛው ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ወጣት መሆኑን ሲናገሩ የልጄ ፊት ተለወጠ። ለምን እንደሆነ ገባኝ። ምዕራብ ሸዋ ያደገ ልጅ ቀብር ባይወሰድም በነዚህ ዓመታት የስንት ወጣት ሞት በር ላይ ሲወራ ሰምቷል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አይቷል፤ የሚያውቀው የሠፈር ልጅ ድንገት ስሙ በሹክሹክታ ሲነሳ ሰምቷል። «ጦርነት ነበር?» አለ። ጦርነትም በሽታም ሊሆን ይችላል አልኩት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ቆምን። ከድንጋዮቹ ረጅሙ 5 ሜትር ይደርሳል። አንድ አገር ሰው ተሰብስቦ ይህን ድንጋይ ፈልፍሎ፣ ጎትቶ፣ ቀርጾ ለሃያ ዓመት ልጅ አቆመ። እኛ ጋ በነዚህ ዓመታት ከተቀበሩት ወጣቶች ስማቸው በድንጋይ የተጻፈላቸው ስንቶቹ ናቸው? ይህን ለልጆቼ አልተናገርኩም፤ ለናንተ ግን እናገራለሁ።

የትንሿ ልጄን የአፈር ጥያቄ የመለስኩት ሰበታ ባደርንበት ቤት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ኬንያ ውስጥ፣ ፓንጋ ያ ሳይዲ በተባለ ዋሻ፣ በአፍሪካ እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ጥንታዊ የሆነውን ቀብር ይፋ አደረጉ። ሟቹ የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ነው፤ ከ78,000 ዓመት በፊት የተቀበረ። ምቶቶ ብለው ሰይመውታል። በጎኑ ተጋድሞ፣ በአንድ ነገር ተጠቅልሎ፣ ከራሱ ሥር ደግሞ በስብሶ የጠፋ ትራስ መሳይ ነገር ተደርጎለት ነበር። ለልጄ ይህን ነገርኳት፤ አፈሩ እንዳይከብደው የተጨነቀ ሰው ያን ጊዜም ነበር አልኳት። «አካኮስ ምን ተደረገላቸው?» አለች። ነጠላውን፣ ሳጥኑን፣ የእድሩን ሰዎች፣ ማን አፈር እንዳለበሰ፣ ሁሉንም በዝርዝር ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማች። አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ለመሄድ ለምታስቡ ወላጆች፦ ከኛ አካባቢ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይሆንም፤ አዲስ አበባ ወይም ሰበታ ማደር ይሻላል። ጠዋት መልካ ቁንጥሬ፣ ከዚያ ጢያ ብታደርጉት መንገዱም ይመቻል፣ ታሪኩም ይያያዛል። ክረምት ሜዳው ጭቃ ነው። አስጎብኚውን አስቀድማችሁ ልጆቹ ስለ ሞት እንደሚጠይቁ ንገሩት፤ ልጆቹን ደግሞ ድንጋዮቹ የሰው መቃብር መሆናቸውንና እንደማይወጣባቸው። የወረዳችን የኢሉ ገላን መምህራን ካላችሁ፣ በጥር ዕረፍት የክፍል ልጆችን ሰብስበን የመኪናውን ወጪ ተካፍለን ለመውሰድ እኔ ዝግጁ ነኝ፤ ከዚህ በታች ጻፉልኝ።