ወደ ጁባ ለሚሄደው ልጄ

ልጄ፣ ዓለሜ፣

ትናንት በቃሌ ልነግርህ አስቤ ቤቱ በሸኚ ሲሞላ ተውኩት። ጓደኛህም ነበር፤ እሱ እየሰማ ማለት አልፈለግሁም።

ነገሩ ቡና ላይ ያላት ናት። «ወባ ምን አለው፣ ሲይዝ መታከም ነው» ሲል አንተም ሳቅህ። እኔ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ልጁን እወደዋለሁ፤ ጨዋ ነው፣ አብራችሁ በመሄዳችሁም አምላኬን አመሰግናለሁ። ግን እሱ ያደገው ኢታንግ ነው። ባሮ ዳር የተወለደን ልጅ ወባ ገና ሳይራመድ ጀምሮ ደጋግሞ ይጥለዋል። ያልቻሉት በሕፃንነታቸው ይቀበራሉ፤ የተረፈው ሰውነቱ ጥቂት ይለምደዋል። ያም ቢሆን ከቆላው ርቀው ዓመታት ሲኖሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ ስለዚህ ለራሱም ንገርልኝ። አንተ ደግሞ የደብረ ብርሃን ልጅ ነህ። ደምህ ወባን አያውቀውም። ጁባ ነጭ ዓባይ ዳር ያለች ቆላ ናት፣ ወባዋም ክረምት ከበጋ አይልም። የቢጫ ወባ ክትባት መውሰድህም ለዚህ አይሆንም፤ እሱ ሌላ በሽታ ነው።

እመቤቴ ከፊት ከኋላህ ትሁን።

የአጎትህን ነገር አልደግመውም። ከሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ እንዴት ያለ ጎረምሳ ነበር! ለእናቴ ነጠላ፣ ለእኔ ጫማ ይዞ መጣ፤ ጫማው ቢጠበኝም አላወለቅሁትም። ሰንበት ብሎ ብርድ ብርድ አለው። በእኛ አገር ብርድ የማይለው ማን አለ? ጤና ጣቢያም ጉንፋን ነው ተባለ፤ ከየት መጣህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ማታ ሲያንቀጠቅጠው አልጋው ከግድግዳው እየተጋጨ፣ አጠገቡ ረከቦት ላይ ያሉት ሲኒዎች ይንጫጩ ነበር። እናቴ ከዚያ ወዲህ ሰሊጥ በደጇ አላሳለፈችም።

ስለዚህ አደራህን፣ የወባ መከላከያህን ዶክሲሳይክሊኑን አንድ ቀን አታስታጉል። ምግብ በልተህ፣ በብዙ ውኃ ዋጠው፤ ወዲያው ጋደም አትበል፣ ጉሮሮ ያቆስላል። ፀሐይም ከእሱ ጋር ቆዳ ያቃጥላልና መንገድ ስትቀይሱ ባርኔጣህን አትርሳ። አጎበሩን ፍራሹ ሥር ወትፈው፤ ትንኟ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው።

ከሁሉ የምፈራው ግን መመለሻህን ነው። ቤት ገባሁ ብለህ ኪኒኑን እንዳትተው፤ ከጁባ ከወጣህ በኋላ 4 ሳምንት ሙሉ ትውጣለህ። ነርሷ እንዳስረዳችን ተውሳኩ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ወደ ደም የሚወጣው ኋላ ነው፤ መድኃኒቱም የሚያገኘው ያኔ ነው። እዚያም ሆነህ፣ ከተመለስክ ከወራት በኋላም ቢሆን፣ ትኩሳት ከተሰማህ አትደር፤ የዚያኑ ዕለት ተመርመር። ጉንፋን ነው ቢሉህ እንኳ «ከጁባ ነው የመጣሁት፣ ደሜ ለወባ ይታይልኝ» በል። ፋልሲፓረም የሚሉት ወባ በቀናት ውስጥ ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል። ደፋር ሁን፣ አትፈር።

ስለ ገንዘቡም፣ ስለ ቤት ኪራዩም ልጽፍልህ ነበር፤ እሱን አንተ ታውቃለህ። ሹራቧን ቆላ ነው ብለህ እንዳትተዋት፣ አውሮፕላኑ ይበርዳል። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ፣ ሥራህ ይቅናህ፣ ክፉ አይንካህ። ወልደህ ስመህ አሳየኝ። እንደ ደረስክ ደውልልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

እናትህ