በእንቅርት ውስጥ ስለሚገኘው ጠጠር

በደቡብ ወሎ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው ደጋ እንቅርት ያለባት እናት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እናታችንም ከሠላሳ ዓመት በላይ ተሸክመውት ኖሩ። ባለፈው ክረምት ግን በቀኝ በኩል ያለው እንደ ወንዝ ጠጠር ጠነከረ። ከጎረቤት አንዱ «ደንጊያ ከሆነ ሞቷልና አይገድልም» ሲል፥ ሌላው «ደንጊያ ከሆነማ ነቀርሳ ነው» ብሎ አስለቀሳቸው። እኛም በፍርድ ቤት የሁለት ወገን ቃል ስንጽፍ የኖርን ብንሆን፥ ማንኛውን እንደምናምን ቸግሮን ወደ ደሴ ይዘናቸው ሄድን። በቄስ ትምህርት ቤትም ሆነ በሚሲዮን ስንማር፥ ስለ አንገት ዕጢ አንድ ቃል አልሰማንም ነበርና።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ከመረመራቸው በኋላ ያስረዳን ይህን ነው። ምግብ አዮዲን ሲያንሰው ዕጢው ሥራውን ለመፈጸም ሲታገል ይገዝፋል። በዕድሜ ብዛትም በውስጡ ደም ይፈስሳል፥ ሥጋውም በየሥፍራው ይሞታል፤ በጠባሳውም ላይ አጥንትን የሚያጠነክረው ካልሲየም ይጋገራል። እንዲህ ያለው ጠጠር ወፍራም፥ ወይም በእብጠቱ ዙሪያ እንደ ዕንቁላል ቅርፊት የሆነ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የእርጅና ምልክት ነው። ቅርፊቱ ተሰብሮ ሥጋ ከወጣበት ግን ያጠራጥራል። ሌላው ከአንድ ሚሊሜትር የሚያንስ፥ እንደ ተበተነ ጤፍ ያለ ደቃቅ ነው። ፓፒላሪ በሚባለው ነቀርሳ ውስጥ የሞቱትን ሕዋሳት ካልሲየም ድርብ በድርብ ሲለብሳቸው ስለሚፈጠር፥ እጅግ ያሠጋል። ቢሆንም ሁለቱም ምስክር እንጂ ፈራጅ አይደሉም፤ ፍርዱ በቀጭን መርፌ ተቀድቶ በማጉያ መነጽር ሲታይ ይታወቃል።

አገር ሁሉ የፈራው የቀኙ ጠጠር ቅርፊት ብቻ ሆነ። ደቃቁ የተገኘው በግራ በኩል፥ በእጅ ቢዳሰስ በማይታወቅ ትንሽ እብጠት ውስጥ ነበር፤ መርፌውም ነቀርሳ መሆኑን አረጋገጠ። እናታችን ይህን ሲሰሙ ጥቂት ዝም ብለው፥ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የኔው በእንቅርት ላይ ጤፍ ሆነ» አሉ። ይህ ዐይነቱ ነቀርሳ ብዙውን ጊዜ በዝግታ የሚያድግ፥ በጊዜ ከተደረሰበትም የሚድን በመሆኑ፥ ዕጢው በሙሉ በቀዶ ጥገና ወጣላቸው።

መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አዟል። ይህም የቆየውን እንቅርት ባያጠፋ ልጆቻችንን ይጠብቃል፤ ነገር ግን አዮዲኑ በእሳት ብዛት ይቀንሳል። እናታችን አሁን በየጧቱ በባዶ ሆድ ክኒናቸውን ይውጣሉ፤ ለልጅ ልጆቻቸው ወጥ ሲሠራም ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው፥ ድስቱ ሊወጣ እስኪቃረብ ድረስ ጨው አያስነኩም።