ፕላስተርና ቅቤ

ሐምሌ 4 ቀን 2016

ዛሬ ሦስት ልጆች ገቡ፤ አንድ አልጋ ብቻ ቀርቶናል። ክረምት ሁሌም እንዲህ ነው። ያምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ገና ከመሬት ቀና ሲል በምግብ እጥረት የተጎዱ ልጆች የሚተኙበት የእኛ ክፍል ይሞላል።

አልጋ ቁጥር 6 ላይ ያለችው የዓመት ተመንፈቅ ልጅ ናት። ካርዷ ላይ ስሟ ቢኖርም ሁላችንም ሚጡ እንላታለን። እብጠቷ ሦስት ፕላስ ነው፤ ከእግሯ ተነስቶ ፊቷ ደርሷል። ሚዛኑ 7.2 ኪሎ ይላል፤ የሚመዝነው ግን ውሃውንም ጭምር ነው። በየሦስት ሰዓቱ 90 ሚሊ ሊትር ኤፍ 75 የሚባለው የሕክምና ወተት ታዞላታል። በኩባያ ስንሰጣት 20 እንኳ ሳትጠጣ ፊቷን ታዞራለች። ሁለት ጊዜ ሞክረን ስላልሆነ በአፍንጫዋ የምግብ ቱቦ ይግባላት ተባለ።

እናቷ "ሲስተርዬ፣ ጎማ የገባለት ልጅ ይተርፋል እንዴ?" አለችኝ። ማዶ አልጋ ላይ ትናንት ቱቦው ወጥቶለት ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ የሚጠጣውን ልጅ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሚጡን አቅፋ ያዘችልኝ።

ቁጥር 8 ቱቦ ነው። ከአፍንጫዋ ጫፍ ጉትቻ እስከሚንጠለጠልበት የጆሮዋ ጫፍ፣ ከዚያ በደረት አጥንቷ ጫፍና በእምብርቷ መካከል እስካለው ቦታ ለካሁ፤ 31 ሳንቲ ሜትር። ገባ። በስሪንጅ ስስብ የወጣው ፈሳሽ ሰማያዊውን የሊትመስ ወረቀት አቀላው፤ ጨጓራዋ ደርሷል ማለት ነው። የቀረው መለጠፉ ነው። ስንማር መምህራችን ይህን ክፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር ያለፉት፤ "ከዚያ በፕላስተር ያዙት።"

ሐምሌ 5፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት

ወጣ።

ምግቡ የሚሰጠው በ12፣ በ3፣ በ6ና በ9 ነው፤ ቀንም ሌሊትም ያው። በ6 ሰዓት ሰጥቻት ሄድኩ፤ በ9 ስመለስ ቱቦው ትራሷ ላይ ተኝቷል። ተቆጣሁ። "እጇን ያዢ አላልኩሽም?" እናትየዋ ተቀምጣ አንቀላፍታ ኖሮ በርግጋ ተነሳች። ስንት ሌሊት እንዳልተኛች እንጃ። ፕላስተሩን አንስቼ ሳየው ግን ሚጡ አልነቀለችውም፤ በራሱ ተላቋል። ያሙለጨልጫል። አሸተትኩት። ቅቤ ነው። አናቷን ተቀብታ ነው የመጣችው፤ ክፍሉ ሲሞቅ ቀልጦ በጆሮዋ በኩል ጉንጯ ላይ ወርዷል። ጉንጯን ሳልጠርግ የለጠፍኩት እኔ፣ የተቆጣሁት እሷን።

ይቅርታ ጠየቅኳት። "ኧረ ሲስተር፣ ምን ገዶኝ" ብላ አቀረቀረች። የሚጡን ጉንጭ በሞቀ ውሃና በትንሽ ሳሙና አጥቤ አደረቅኩት። ቱቦውን እንደገና ሳስገባ ሚጡ ገና ሲቀርባት ማልቀስ ጀመረች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ምን እንደሚመጣ አውቃዋለች።

ሐምሌ 6

በእብጠት የሚመጣ ልጅ ቆዳ እንደ አሮጌ ግድግዳ ቀለም ይላጣል። ጨርቅ ፕላስተር ለጤነኛ ጉንጭ አንደኛ ነው፤ ለሚጡ ግን ጠላት ነው። ዛሬ ጠዋት ልቀይረው ስል የጥፍር ስፋት ያህል ቆዳ ይዞ ተነሳ።

ባልደረባዬ ቁስል ከሚያሽጉት ዘንድ ሄዳ የተረፈች ሃይድሮኮሎይድ የምትባል የቁስል መሸፈኛ ይዛ መጣች፤ የመዳፍ ግማሽ ታህላለች። ሁለት ጣት ስፋት ቆርጬ፣ በእጄ መሀል አሙቄ፣ ደህና በሆነው የጉንጯ ክፍል ላይ አሳረፍኳት። ቱቦው በላይዋ፣ ፕላስተሩ ደግሞ በቱቦው ላይ። ፕላስተሩ ከእንግዲህ የሚይዘው ያቺን ቁራጭ እንጂ ቆዳዋን አይደለም። አፍንጫዋ አልተላጠም፤ ለእሱ ፕላስተሩን እንደ ሱሪ ቆረጥኩት። ወገቡ አፍንጫዋ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለቱ እግሮች አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ቱቦው ላይ ይጠመጠማሉ።

ቱቦውን ወደ ግንባር ሽቅብ መሳብ የለም። አምና በእኔ እጅ የአንድ ልጅ የአፍንጫ ጠርዝ ቆስሏል፤ ቱቦው ሽቅብ ተወጥሮ ሥጋውን ሲጫን ሰንብቶ ነው። እኔ ደግሞ "ንቅንቅ አይልም" እያልኩ እኮራ ነበር።

ሐምሌ 8

የወጣ ቱቦ አያስፈራኝም፤ ይታያል። የሚያስፈራኝ ግማሹ የወጣው ነው።

አዲሷ ነርስ የሚጡን የ9 ሰዓት ወተት ልትሰጥ ነው። ስሪንጁን ያለ መግፊያው ሰክታ ከፍ አድርጋለች፤ ወተቱ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው፣ አይገፋም። ፕላስተሩ ጉንጯ ላይ ደህና ተቀምጧል። ግን ቱቦው ላይ፣ አፍንጫዋ በር ጋ በእስክሪብቶ ያሰመርኩት መስመር አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል። "ቆይ!" አልኩ። "በቱቦው የገፋሁትን አየር ሆዷ ላይ በስቴቶስኮፕ ሰምቻለሁ እኮ" አለችኝ። እኛም እንዲያ ነበር የተማርነው፤ ነገር ግን የቱቦው ጫፍ ጉሮሮ ውስጥ ወይም ሳንባ ውስጥ ቢሆንም ድምፁ ሊሰማ ይችላል። ወተቱ ቢፈስስ ኖሮ ወደ ሳንባዋ መሄዱም ይቻል ነበር።

ንፍጧ የፕላስተሩን እግሮች አርጥቦ ቱቦው በውስጣቸው ተንሸራቷል። የጎተተው ደግሞ የእናቷ ነጠላ ነው፤ ዘርፉ ቱቦው ጫፍ ላይ ተጠምጥሞ አገኘሁት። አሁን ትርፉን በጆሮዋ ኋላ አሳልፌ ከልብሷ ጀርባ ጋር አያይዤዋለሁ። ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት መስመሩ ይታያል፣ ሊትመሱ ይነከራል። አዲሷ ነርስ መስመሩን በማርከር አደመቀችው።

ሐምሌ 9

እጇን እንሰር የሚሉ አሉ። አልወደውም። እናቷ ካልሲ አጠለቀችላት፤ ሚጡ ቀኑን ሙሉ ካልሲውን ስትጠባ ዋለች፣ ቱቦውን ረሳችው።

አሜሪካ ያለች የድሮ ባልደረባዬ በቴሌግራም ነገረችኝ፤ እነሱ ጋ አንዳንዴ በሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች ማግኔት አስገብተው ከኋላ ያገናኙትና ቱቦውን በክር ያስሩታል። ጉንጭ ላይ የሚለጠፈውም የድብ ሥዕል ያለበት አለ አሉ። የኛን ጨርቅ ፕላስተር ፎቶ ላኩላት። "ናፈቀኝ" አለችኝ፤ ፌዝ ይሁን እውነት አላወቅኩም።

ሐምሌ 12፣ ሚካኤል

6.3 ኪሎ። ክብደት ቀነሰ ብለን የምንደሰተው እንደ እሷ ባሉት ብቻ ነው፤ የወረደው ውሃው ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሦስት ጊዜ በተከታታይ 90ውን በኩባያ ጨረሰች። ቱቦው ይውጣ ተባለ።

የአፍንጫዋ ፕላስተር አልለቅ አለኝ። ውሃ አስነካሁት፣ እንቢ። እናቷ ከፌስታሏ ትንሽ ብልቃጥ አወጣችና "ሲስተር፣ ቅቤ ላስነካው?" አለችኝ። አስነካችው። በአንድ ጣቴ ቆዳዋን ደግፌ፣ በሌላው ፕላስተሩን ቀስ እያልኩ አጠፍኩት። ሙልጭ ብሎ ወጣ፤ ቆዳዋ ምንም አልሆነም። ሚጡ አስነጠሰች።

ማታ ቁጥር 9 ላይ አዲስ ልጅ ገባ፤ 5.4 ኪሎ፣ በኩባያ እንቢ ያለ። አያቱ ናቸው ያመጡት። አናቱ በቅቤ ያብረቀርቃል። ሳሙና ሳመጣ "ምነው ልጄ፣ ቆሸሸብሽ?" አሉኝ። "አይ እማማ" አልኳቸውና አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጉንጩን ማጠብ ጀመርኩ።