የክሬሙን ስም ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው እሁድ የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ «ፊትሽ እንዴት ጠራ? የምትቀቢውን ንገሪን» ብላችሁ ኢንቦክስ የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ለአንዳችሁም አልመለስኩም። ኩራት አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት እንዲሁ ተጠይቄ ቶሎ መልሼ የሰው ልጅ ፊት አበላሽቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፈው፣ ታገሱኝ።

ብጉር የጀመረኝ ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ነው። መቼም ብጉር ያለባት ልጅ ስትገኝ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። አክስቴ «አብሽ ለጥፊበት»፣ ጎረቤት «ሎሚ እሺው»፣ የክፍል ጓደኛዬ «የጥርስ ሳሙና ያደርቀዋል»። ሁሉንም ሞክሬያለሁ። የጥርስ ሳሙናው ያደረቀው ብጉሩን ሳይሆን ቆዳዬን ነው። ሎሚውን ተቀብቼ ጸሐይ ላይ ወጥቼ ደግሞ ጉንጬ ተቃጥሎ ለወራት ጠቁሮ ቀረ። ሌላው «ጎረምሳ አምሯት ነው» እያለ ይስቃል። እማዬ ጸጉሬ እንዲያድግ ብላ በየሁለት ሳምንቱ ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ አድርጋ በሻሽ ታስረኝ ነበር። ቅቤው ቀልጦ ግንባሬ ላይ ይወርዳል። ያ ቅባት ቀዳዳውን እየደፈነ ግንባሬን በብጉር እንደሚሞላው ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። እሷ ምን ታድርግ፣ በፍቅር ነው የምትቀባኝ።

ሥራ ስጀምር ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት ነው የምቀመጠው። ሰው ሲያናግረኝ ዓይኔን ሳይሆን አገጬን የሚያይ ይመስለኛል። አንድ ቀን የጸጉር ቤት ልጅ አዘነችልኝና በትንሽ ነጭ ብልቃጥ የተሞላ ክሬም ሸጠችልኝ። ስም የለውም፣ ጽሑፍ የለውም። «ሚክስ ነው፣ ማታ ማታ ብቻ» አለችኝ። ምን ልበላችሁ፣ በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት ፊቴ የሕፃን መሰለ። አለቀስኩ፣ በደስታ።

ያኔ ነው የጎረቤታችን ልጅ የመጣችው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። «እታለም፣ እኔም ብጉር አስመርሮኛል፣ ምን ተቀብተሽ ነው?» አለችኝ። ከብልቃጡ ግማሹን በሌላ ዕቃ ቀንሼ ሰጠኋት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ወር አልሞላም። እናትየዋ በራችንን አንኳኩተው ገቡ።

«ልጄን ምን ቀባሻት?»

«እትዬ፣ ምን ሆነች?»

«ነይና እያት።»

ሄጄ አየኋት። ጉንጯ በርበሬ መስሏል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ተነስተዋል፣ በአፏ ዙሪያ ድሮ ያልነበረ ጥቃቅን ሽፍታ ወጥቷል። ውሃ ሲነካት ታለቅሳለች። ክሬሙ አልቆባት አምስት ቀኗ ነው። የኔም ከጥቂት ቀን በኋላ አለቀ፣ እኔም ያንኑ ሆንኩ።

አብረን የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድን። ዶክተሯ ባዶውን ብልቃጥ ገልብጣ አየችውና፣ «ስም የሌለው ነገር በሦስት ቀን ካሳመረሽ ስቴሮይድ አለበት ብለሽ ጠርጥሪ» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ክሎቤታሶል ያሉ ጠንካራ ስቴሮይዶች መድኃኒት ናቸው፤ ለራሳቸው በሽታ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለአጭር ጊዜ ይሰጣሉ። የፊት ቆዳ ግን ስስ ነው። ስቴሮይዱ እብጠቱንና ቅላቱን ቶሎ ያፍነዋል፣ ቆዳውንም ያነጣዋል፤ ስለዚህ የዳንን ይመስለናል። ውስጥ ውስጡን ግን ቆዳውን እያሳሳው፣ ራሱ ብጉር እያመጣ ይሄዳል። ሲቋረጥ የታፈነው ሁሉ ብሶ ይወጣል። ሰው ደግሞ ደንግጦ እንደገና ይቀባል። በቃ፣ ከዚያ መውጫ የለም። አሁን እየተቀባችሁ ያላችሁ ካላችሁ ደብቃችሁ አትቀጥሉ፤ አወጣጡን ሐኪም ያሳያችሁ።

ለኛ የታዘዘልን መጀመሪያ ላይ መተው ነበር፣ ሁሉንም መተው። ሽታ የሌለው ለስላሳ ማጠቢያ በቀን ሁለቴ፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻ፣ ጠዋት የጸሐይ መከላከያ። መፈተግ የለም፣ መጭመቅ የለም። አዲስ አበባ ብርድ ነው ብለን ጸሐዩን እንንቀዋለን እንጂ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር ይበረታል። ብጉሩ ጥሎት የሚሄደውን ጥቁር ምልክት የሚያቆየውም አንዱ እሱ ነው።

ቆዳችን እስኪረጋጋ ወራት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ነው የብጉሩ መድኃኒት የታዘዘልን፤ ለኔ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5 ፐርሰንትና ማታ የሚቀባ አዳፓሊን። የአተር ፍሬ የምታህል ለፊት ሙሉ፣ መጀመሪያ አንድ ቀን እየዘለልኩ። ለውጡ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ነው፤ ሦስት ቀን አይደለም። በመሃል ይደርቃል፣ ይልጣል፣ ብሶ የታየም ይመስላል። ሌላው ጉዱ፣ ቤንዞይሉ ጨርቅ ያነጣል፤ የእማዬን ሰማያዊ የትራስ ልብስ አዥጎርጉሬ ተቆጥታኛለች። አዳፓሊንን ደግሞ እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትቀባም፤ ስለዚህ የኔን ማዘዣ ፎቶ አንስቼ ለማንም አልልክም።

ፎቶው ላይ ያያችሁት ፊት ይሄ ሁሉ ነው። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ጠባሳም አለበት፣ በወር አበባ ሰሞንም አሁንም አገጬ ላይ አንድ ሁለት ይወጣል። ከሱ ጋር ታርቀናል።

ልጅቷ ያኔ አንድ ወር ከትምህርት ቀርታለች። በነጠላ ተሸፋፍና ነበር ከቤት የምትወጣው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ፊቷም በጣም ተሽሎታል፤ የደም ሥሮቹ ግን በሙሉ አልጠፉም። ይሄን ከመለጠፌ በፊት ደውዬ አነበብኩላት። «ጻፊው፣ ስሜን ብቻ አትጥሪ» አለችኝ። እሷ ይቅር ብላኛለች። እናቷም ደግ ሴት ናቸው፣ መንገድ ላይ ስንገናኝ ስመው ነው ሰላም የሚሉኝ። ግን ሁሌም፣ ሁሌም መጀመሪያ ጉንጬን ያያሉ።

ስለዚህ የክሬም ስም አትጠይቁኝ። የቆዳ ሐኪም ጋ ብቻዬን መሄድ ፈራሁ የምትል ካለች ግን ትጻፍልኝ፣ አብሬያት እሄዳለሁ።