«ይችን ሣጥን ጣላት» ያልኩት ልጅ



ይህን የምጽፈው ልጁን አስፈቅጄ ነው። ስሜ አይነሳ ብሎኛል፤ አላነሳውም።

እዚሁ ደብረ ታቦር በመድረሳችን ሲቀራ ያደገ ልጅ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከመግሪብ በፊት ውዱእ ማድረጊያው አጠገብ የጫማ ካርቶን የምታህል ሣጥን ይዞ አገኘሁት። ከፍቶ አሳየኝ። ሽቦ፣ ባትሪ፣ መሐሏ ላይ ደግሞ 40 እግር ያላት ጥቁር ቺፕ። ሲነካት ጢጥ አለች። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም ሰው ሁሉ እየሰማ «ይችን ሣጥን ጣላት፤ መስጂድ የዘፈን ቤት አይደለም» አልኩት። ዘግቷት ወጣ። መግሪብን እንኳ ከኛ ጋር አልሰገደም። ሦስት ሳምንት ጠፋ።

ሸይኻችን ጠየቁኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። «ሣጥኗ ምን እንደሆነች ጠይቀኸዋል?» አሉኝ። አልጠየቅኩም። «እንግዲያ ሳትጠይቅ ነው የፈረድከው» ብለው ወደ ኪታባቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ከዐስር በኋላ ቤቱ ሄድኩ። እናቱ ቡና አፈሉ። ልጁ ከጓዳ ወጥቶ ቆመና «ኡስታዝ፣ ሊሰብሯት ነው የመጡት?» አለኝ። ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ። «ምን እንደሆነች ልትነግረኝ ነው» አልኩት።

ለካ ነገሩ ሌላ ነው። አያቱ ከወሎ የመጡ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው በሐድራ መንዙማ ያወጡ ነበር። አሁን ድምፃቸው እየደከመ ነው። ልጁ በስልክ ቀድቷቸዋል። ዜማውን በአሮጌ ያማሃ ኪቦርድ ሊከተላቸው ሲሞክር አንዳንዱ ቦታ ላይ ኪቦርዱ አይገጥምም፤ የሳቸው ድምፅ በሁለት ቁልፎች መሐል ይወድቃል። ቺፗ ግን ዶ ሬ ሚ የሚባል ነገር አታውቅም። ኤ-ዋይ 3-8910 ትባላለች፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ጄኔራል ኢንስትሩመንት የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የሠራት ናት። ሦስት ድምፅ አላት፤ የምትሰማው ቁጥር ብቻ ነው። በሰከንድ 2 ሚሊዮን ምት ሰጥተሃት 284 ካልካት 440 ኸርዝ ገደማ ታሰማለች። ቁጥሩን ከፍ ስታደርግ ድምፁ ይወርዳል። በፈለግከው ቦታ ታቆመዋለህ።

የቀረው ኪቦርዱን ከቺፗ ጋር ማነጋገር ነበር። የዚያ ቋንቋ ሚዲ ይባላል፤ በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። (ኃይሉ መርጊያ በ1985 «ሸሞንሟናዬ»ን ሲቀርጽ ከአኮርዲዮኑ ጋር የተጫወተው ያማሃ ዲኤክስ7 ቀድመው ሚዲ ከገባላቸው ኪቦርዶች አንዱ ነው፤ ይህን የነገረኝ ልጁ ነው።) ሚዲ ድምፅ አይልክም። ቁልፍ ስትጫን ሦስት ቁጥር ይልካል፤ ለምሳሌ 144፣ 60፣ 100። ተጫን፣ ይህን ቁልፍ፣ በዚህ ኃይል ማለት ነው። ድምፁን የሚያወጣው ተቀባዩ ነው።

ይህን ስሰማ የበኑ ሙሳ ወንድማማቾች ትዝ አሉኝ። በሦስተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ስለ ራሱ የሚነፋ ዋሽንት የጻፉ ናቸው። ውሃ የሚያዞረው በርሜል ላይ እሾህ ተተክሏል፤ እሾሁ የዋሽንቱን ቀዳዳ ይከፍታል። እሾሁን ከቀየርክ ዜማው ይቀየራል። ትእዛዙ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ።

በሙዚቃ መሣሪያ ጉዳይ የብዙኃኑ ዑለማ አቋም ጥብቅ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ የተለየ ያሉም አሉ። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ በዚህ ጽሑፍ ብይን ልሰጥ አልመጣሁም። ሸይኻችን ያሉን «የአያትህን ዜማ ለማወቅ ከሆነ ሥሩ፤ ወደ ሌላ ስትወስዱት መጥታችሁ ንገሩኝ» ነው። በዚያ ላይ ነን።

የመስጂዱን ድምፅ ማጉያ የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ ብየዳ እችላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ተቀመጥን። የሚዲ መቀበያ ትንሽ ነገር ነው፤ 220 ኦም ሬዚስተር፣ አንድ ዳዮድ፣ አንድ ኦፕቶካፕለር። ኦፕቶካፕለሩ ውስጥ በአንድ በኩል ትንሽ መብራት፣ በሌላው በኩል ብርሃን የሚያይ ዓይን አለ። ኪቦርዱና ሣጥኗ በሽቦ አይነካኩም፤ መልእክቱ በብርሃን ነው የሚያልፈው። የአንዱ ኤሌክትሪክ ለሌላው ጉምጉምታ እንዳያመጣ። እዚህ ላይ ነው የመስጂዳችን ማጉያ ላፕቶፕ ሲሰካበት ለምን እንደሚያጉረመርም የገባኝ። መሐሉ ላይ መለያ ትራንስፎርመር አስገባሁ፤ አልሐምዱሊላህ ጠፋ።

የኛ ሥራ ግን እንዲህ አልቀለለም። መጀመሪያ ኦፕቶካፕለሩን ከተቃጠለ ቻርጀር ነቀልነው። ሚዲ በሰከንድ 31,250 ምልክት ነው የሚልከው፤ ያ የቻርጀር ዕቃ ዘገምተኛ ስለሆነ አልደረሰበትም። አንድ ቁልፍ ስንጫን ሌላ ይጮሃል። ጅዳ ያለች እህቱ 6ኤን138 የሚባለውን ፈጣኑን ከሰው ጋር እስክትልክ ሁለት ወር ጠበቅን። መጣ፤ በየድነው፤ ጭራሽ ዝም አለ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ፕሮግራሙን ስንመረምር ከረምን። ልጁ «ጋፋትም የመጀመሪያው አልተሳካም ኡስታዝ» እያለ ያጽናናኛል፤ ከከተማችን ጥግ የቴዎድሮስ መድፍ የተሠራበትን ቦታ ማለቱ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነበር። የሚዲ ሶኬት አምስት ቀዳዳ አለው፤ መልእክቱ የሚሄደው በ4ኛውና በ5ኛው ነው። እኔ ሥዕሉን ከፊት በኩል አይቼ ሶኬቱን ከኋላ በየድኩት፤ ሁለቱ ተገለባበጡ። ዳዮዱ ባይኖር ከጅዳ የመጣው ዕቃ ሊጎዳ ይችል ነበር። ለልጁ ስነግረው ሳቀ፤ ጓደኞቹ ፊት ግን አልነገረብኝም።

ገልብጠን ስንበይድ ሠራ። አሁን አርዱኢኖው ከኪቦርዱ የመጣውን ቁጥር ይቀበላል፤ እኛ በጻፍነው ሠንጠረዥ ለቺፗ ሌላ ቁጥር ይሰጣታል። ሠንጠረዡን የምንሞላው የአያቱን ቅጂ እየሰማን፣ አንድ አንድ ድምፅ እየለካን ነው። መብራት ሲጠፋ እናቆማለን።

አራቱን ጨርሰናል። አምስተኛው ላይ ተጣልተናል። 284 ላይ ይበዛል፣ 296 ላይ ይወርዳል። ልጁ 289 ይላል፣ እኔ 291። ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ሣጥኗን ይዘን አያቱ ዘንድ እንሄዳለን፤ የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው።