በሬው የጠፋበት ገበሬ

«በሬው የጠፋበት ገበሬ መጣ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መልሱልኝ ብዬ ተማሪዎቼን ብጠይቅ፥ ብዙዎቹ «ዘ ፋርመር ሁ ሂዝ ኦክስ ዎዝ ሎስት ኬም» ይሉኛል። እንግሊዛዊ ቢሰማው ግራ ይገባዋል። ተማሪው ግን እንዲያው በዘፈቀደ አልተናገረም።

በአማርኛችን ሥራው የተከፋፈለ ነው። በ«በሬው» መጨረሻ ያለችው «ው» የበሬውን ባለቤት ታመለክታለች፤ በግሡ ራስ ላይ የተቀመጠችው «የ» ደግሞ ነገሩን ከገበሬው ጋር ታዛምዳለች። ስለዚህ ልጁ ለ«የ» «ሁ»ን፥ ለ«ው» «ሂዝ»ን ያሰልፋል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱንም ሥራ ለአንድ ቃል ሰጥቶታል፤ እርሱም «ሁዝ» ነው። «ዘ ፋርመር ሁዝ ኦክስ ዎዝ ሎስት ኬም» ብሎ ይጨርሳል። «ሁዝ» ካለ «ሂዝ» አያስፈልግም፤ «ዘ»ም አይከተለውም።

«ሁዝ ለሰው ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። ነገር ግን ጣራው የሚያፈስ ቤትም «ሁዝ» ይባልለታል። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተን እንኳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1667 ባሳተመው «ፓራዳይዝ ሎስት» በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቃሉን ለዛፍ ተጠቅሞበታል።

ይህ ትንሽ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ «ሁ ሂዝ» ብላ ጓደኞቿ ከሳቁባት ወዲህ፥ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ እንኳ እጇን ማንሣት ትታ ነበር። ቃሏን ያረምኩላት አማርኛውን በሰሌዳው ላይ ጽፌ፥ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ በማሳየት ነው። በመጀመሪያ ቃሉን፥ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ድምፅዋን አገኘች።

ለክፍሉ ሌላም ነገር አሳየሁ። «የጠፋበት» ስንል፥ «በት» የምትለው ጉዳቱ በማን ላይ እንደ ደረሰ ትነግረናለች። «ሁዝ» የበሬውን ባለቤት ያሳውቃል እንጂ ስለ ጉዳቱ አንዳች አይናገርም። እንግዲህ እያንዳንዱ ቋንቋ የየራሱ ብልሃት አለው።

ስለዚህ ወላጆችና ታላላቅ ወንድሞች ሆይ፥ ልጁ ሲሳሳት አትሳቁበት። «በአማርኛ እንዴት ትለዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የእናቱን ቋንቋ ሥርዓት ያስተዋለ ልጅ የባዕዱን ለመያዝ አይቸገርም።